ኋላዋ የሚሸሽ የስፖርት መኪና፦ ሞላው ነው ወይስ ሾኩ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው።

«መኪናዬ ሞተሯ ከፊት ሆኖ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። የምነዳት ትራክ (የውድድር መንገድ) ላይ ብቻ ነው። እኔ ተቀምጬባት 1,320 ኪሎ ትመዝናለች። ከፍታውም ሾኩም የሚስተካከል ሰስፔንሽን ገጥሜላታለሁ። ሲመጣ ሞላው ከፊትም ከኋላም 8 ኪሎ በሚሊሜትር ነበር (አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 8 ኪሎ ይፈልጋል)። ኩርባ መሃል ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ እየገፋ ሲያስቸግረኝ የኋላውን ሞላ በ14 ቀየርኩት። አሁን ደግሞ ከኩርባ ስወጣ፣ ነዳጅ ገና ስነካ ኋላዋ ይሸሻል። ከርብ (የትራኩን ከፍ ያለ ጠርዝ) ስትረግጥ ትዘላለች። አራቱንም ሾክ እስከ መጨረሻው አጥብቄያቸዋለሁ፤ ባሰ እንጂ አልተሻለም። የፊቱንም ሞላ ላጠንክር ወይስ የተሻለ ሾክ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትግዛ። ሾኮቹን መልሰህ አላላ። የፊት ሾክ ጎሚኒው (የመጨረሻ መገቻው) ላይ እየደረሰ እንደሆነ እይ። ከዚያ የኋላውን ሞላ ከ14 ወደ 10 አውርድ። ምክንያቱን ካልነገርኩህ ግን ነገ ሌላ ትራክ ላይ ሌላ ችግር ሲገጥምህ ያንኑ የሾክ ማስተካከያ ቁልፍ መጠምዘዝህ ስለማይቀር ትንሽ ታገሰኝ።

ሾክ የሚሠራው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ዘይቱ በቀዳዳዎቹ አያልፍም፤ ዘይቱ ካላለፈ ደግሞ የሚቃወም ጉልበት የለም። ሞላ ግን ቆሞም ይገፋል። የተጨመቀው ልክ ነው ዋጋው፤ ፍጥነት አይጠይቅም። ይህቺን አንዲት ልዩነት ከያዝክ ግማሹን ግራ መጋባት ተገላገልክ።

ወደ ኩርባው ስትገባ፣ ፍሬን ይዘህ መሪውን ስታዞር፣ መኪናዋ ወደ ፊት ትደፋለች፣ ወደ ጎን ትጋደማለች። ሾኮቹ እየተንቀሳቀሱ ስለሆነ ያኔ ቃል አላቸው። መሃል ላይ ስትደርስ ግን መጋደሟን ጨርሳ ትረጋለች። አስፓልቱ ለስላሳ ከሆነ የሾኩ ዘንግ ቆሟል ማለት ይቻላል። እዚያች ቦታ ላይ የሚናገሩት ሞላው፣ ስታቢላይዘሩ (ግራና ቀኙን አያይዞ መጋደምን የሚቃወመው ዘንግ)፣ ካምበሩ (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ) እና ጎማው ናቸው። ስትወጣና ነዳጅ ስትሰጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሾኩ እንደገና ይነቃል። ስለዚህ አንድ ሹፌር «ኩርባ መሃል ትገፋለች» ካለኝ የሾኩን ቁልፍ እንዳይነካ ነው የምነግረው። አንተም መጀመሪያ ላይ ሾኩን ትተህ ሞላውን መንካትህ ትክክል ነበር። የሄድክበት አቅጣጫ ልክ ነው፤ መጠኑ ነው የበዛው።

ለምን በዛ እንዳልኩ እንይ። ሞላው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚያየው ቁጥር አይደለም። ሞላው የተቀመጠበት ቦታ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ጎማው ብዙ ሲወጣ ሞላው ጥቂት ነው የሚጨመቀው። ይህንን ራስህ ለካው። መኪናዋን በማይንሸራተቱ መቆሚያዎች ላይ አስቀምጥ፣ ሞላውን አውጣ፣ ስታቢላይዘሩን ከአንድ ጎን ፍታ። ከዚያ ጎማውን በክሪክ 20 ሚሊሜትር ከፍ አድርገህ ሾኩ ስንት እንዳጠረ ለካ። በአንተ ዓይነት መኪና ፊት ሾኩ ከጎማው ጋር እኩል ሊባል በሚችል መጠን ያጥራል፤ 19 ሚሊሜትር ብታገኝ አይግረምህ። ኋላ ግን ሞላው ክንዱ ላይ ወደ ውስጥ ስለተቀመጠ 15 ሚሊሜትር ልታገኝ ትችላለህ። 19 ለ20 ሲካፈል 0.95፣ 15 ለ20 ሲካፈል 0.75 ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ይህ ቁጥር በራሱ ይባዛል። አንዴ ጉልበቱ በክንዱ ርዝመት ስለሚቀንስ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉዞው ስለሚቀንስ። ፊት 0.95 በ0.95 ሲባዛ 0.90 ይሆናል፤ 8ቱ ሞላ ጎማው ዘንድ ሲደርስ 7.2 ነው። ኋላ 0.75 በ0.75 ሲባዛ 0.56 ነው። 8ቱ 4.5 ይሆናል፣ 14ቱ 7.9 ይሆናል፣ 10 ብታደርገው 5.6 ይሆናል። አየህ? «ፊትም ኋላም 8» ስትል እኩል አልነበሩም፤ ኋላው በጣም ልል ነበር። ኋላውን 14 ስታደርግ ደግሞ ከፊቱ አለፈ። ያውም ኋላው ከፊቱ ቀለል ያለ ክብደት ተሸክሞ።

ክብደቱን እናስገባው። ከ1,320 ኪሎው ውስጥ ጎማው፣ ቸርኬው፣ የፍሬኑ ዲስክና የመሳሰለው ሞላው የማይሸከመው ነው፤ በየጎማው 45 ኪሎ እንበል። ከሞላው በላይ የሚቀረው ፊት በእያንዳንዱ ጎን 310፣ ኋላ 260 ገደማ ይሆናል። የራስህን ቁጥር ሚዛን ላይ አውጥተህ ተካ። 310ን ለ7.2 ስታካፍል 43 ሚሊሜትር ታገኛለህ። መኪናዋ ቆማ የፊቱ ሰስፔንሽን ጎማው ላይ ሲለካ ያን ያህል ተጨምቋል ማለት ነው። ከዚህ የመኪናዋን የመወዛወዝ ፍጥነት ማግኘት ቀላል ነው፦ 15.8ን ለተጨመቀው ሚሊሜትር ስኩዌር ሩት አካፍል። ፊት 2.4 ሄርዝ ይመጣል፤ በሰከንድ 2.4 ጊዜ ይወዛወዛል ማለት ነው። ኋላ በ8 ሞላ 58 ሚሊሜትር፣ 2.1 ሄርዝ ነበር። በ14 ደግሞ 33 ሚሊሜትር፣ 2.7 ሄርዝ ሆነ። በ10 ብናደርገው 46 ሚሊሜትር፣ 2.3 ሄርዝ።

ለንጽጽር ያህል፦ ተራ የቤት መኪና ከ1 እስከ 1.5 ሄርዝ አካባቢ ነው። ክንፍና ወደ መሬት የሚጫን ከባድ የአየር ግፊት የሌላት፣ ትራክ ላይ በጥሩ ጎማ የምትነዳ መኪና ከ2 እስከ 2.5 አካባቢ ደህና ትሆናለች። 3 እና ከዚያ በላይ የሚሄዱት የአየር ግፊቱ በሺህ ኪሎ የሚጫናቸው የውድድር መኪኖች ናቸው። እነሱ ጠንካራ ሞላ የሚፈልጉት መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ወለሉ መሬት እንዳይነካና ከፍታዋ እንዳይለዋወጥ ነው። ያ ችግር የሌለበት ሰው ያንን ሞላ ሲገጥም ትርፉ ጎማው አስፓልቱን መልቀቁ ብቻ ነው።

«የኋላው ሄርዝ ከፊቱ ከፍ ማለት አለበት» የሚል ምክር ሰምተህ ይሆናል። ምንጩ አለው። በ1930ዎቹ ጀነራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ፣ ጉብታው መጀመሪያ የፊቱን ጎማ ስለሚመታ ኋላው ትንሽ ፈጠን ብሎ ቢወዛወዝ ፊቱን ደርሶበት አብረው ይረጋሉ ብሎ አሳይቷል። ለተሳፋሪ ምቾት ይህ እውነት ነው። በትራክ ላይ ግን ሾኩ ጠንካራ ስለሆነ መወዛወዙ ገና ከመጀመሩ ይገደላል፤ ምክንያቱ ራሱ ይቀራል። በኋላ ጎማ ለምትነዳ መኪና የፊቱ ሄርዝ ትንሽ ከፍ ቢል እመርጣለሁ። መሪውን ስታዞር ቶሎ ትመልሳለች፤ ስትወጣ ደግሞ ኋላው ተቀምጦ ይገፋል።

አሁን ነዳጅ ስትነካ ለምን እንደሚሸሽ እንይ። ሁለት ነገር ተደራርቦብሃል። የመጀመሪያው የክብደት ክፍፍሉ ነው። የክብደት ማዕከሏ ከመሬት 46 ሳንቲሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋት 152 ሳንቲሜትር ነው እንበል። አንድ ጂ የሚሆን ኩርባ ላይ (የጎን ግፊቱ የመኪናዋን ክብደት ሲያክል) 400 ኪሎ ገደማ ከውስጠኛው ጎን ወደ ውጨኛው ይሻገራል። ሞላ ብታጠነክርም ብታላላም ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ሞላው የሚወስነው ከ400ው ስንቱ በፊት ጎማዎች፣ ስንቱ በኋላ ጎማዎች በኩል ይሻገር የሚለውን ነው። ጠንካራው ጫፍ ብዙውን ይወስዳል። ጎማ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መያዙ እጥፍ አይሆንለትም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድለዋል። ስለዚህ ብዙውን የወሰደው ጫፍ ይከስራል። በ14 ሞላ ኪሳራውን ከፊት አንስተህ ኋላ ላይ ጫንከው። መሃል ላይ መግፋቱ የቀረው በዚህ ነው፤ ስትወጣ የምትሸሸውም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። ኋላው ቆሞ የተጨመቀው 33 ሚሊሜትር ብቻ ነው ብለናል። መኪናዋ ስትጋደም የውስጠኛው ጎማ ወደ ታች ይከተላል፤ 33ቱን ሲጨርስ ሞላው የሚገፋበት የለውም። ከዚያ በኋላ ጎማው መሬቱን የሚነካው በራሱ ክብደት ነው። በዚህ ላይ ከርብ ጨምርበት፦ የውጨኛው ጎማ ከርቡ ላይ ሲወጣ አካሏ ይነሳል፣ የውስጠኛው ይንጠለጠላል። ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ በተንጠለጠለው ጎማ ይባክናል። የሚቆልፍ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ውጨኛው ጎማ ድንገት ሁሉንም ተቀብሎ ይሸሻል። በ10 ሞላ 46 ሚሊሜትር ይኖርሃል። ተጨማሪዋ 13 ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ከኩርባ ስትወጣ ግን ሙሉ ጎማ ማለት ናት።

አንድ ማሳሰቢያ። ሞላው ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ እንዳይላላ በማሰብ ቀለበቱን አጥብቀህ ሞላውን አስቀድመህ ጨምቀኸው ከሆነ፣ ይህን የመውረጃ ጉዞ ራስህ ነው የበላኸው። አስቀድሞ መጨመቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ 8 ሞላ 8 ነው። ጉዞውን ግን ይቀንሳል። ሞላው እንዳይነቃነቅ የሚይዝ ስስ ረዳት ሞላ ከሥሩ መግጠም ይሻላል።

ወደ ሾኩ እንምጣ። አጥብቀህ የባሰብህ ለምን መሰለህ? አብዛኛው ባለ አንድ ቁልፍ ሾክ ውስጥ ያ ቁልፍ የሚያንቀሳቅሰው አንዲት መርፌ ነው። መርፌዋ ትንሽ የዘይት ማለፊያ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ይህች ማለፊያ የምትቆጣጠረው ዘንጉ በዝግታ ሲሄድ ነው፤ በሰከንድ እስከ 5 ሳንቲሜትር አካባቢ። ያ መጋደም፣ መደፋት፣ መሪ ሲዞር የሚመጣው እንቅስቃሴ ነው። ከርብ ሲመታ ግን ዘንጉ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ያኔ ዘይቱ የሚያልፈው በፒስተኑ ላይ በተደረደሩት ስስ የብረት ቀለበቶች በኩል ነው። እነሱን ከውጭ ያለው ቁልፍ እምብዛም አይነካቸውም።

የአንተ ሾክ ደግሞ የተሠራው ለ8 ሞላ ነው። ሞላው ሲጠነክር ሾኩ በስኩዌር ሩቱ ልክ መጠንከር አለበት። 14ን ለ8 አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ብታወጣ 1.32 ነው፤ 32 በመቶ ተጨማሪ ይፈልጋል። አንተ መርፌዋን ስትዘጋ ዝግተኛውን እንቅስቃሴ ከሚገባው በላይ አነቅከው፤ ፈጣኑን ግን እንደነበረ ተውከው። ስለዚህ ሾክህ በአንድ ጊዜ ደረቅም ልልም ሆነ። መሪ ስታዞር ግትር ናት፤ ከርብ ስትመታ ግን ትዘላለች። ያንተ ቅሬታ ቃል በቃል ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሪባውንድ ነው፤ ሾኩ ሲዘረጋ የሚያሳየው ተቃውሞ ማለቴ ነው። ባለ አንድ ቁልፍ ሾክ ላይ ቁልፉ በብዛት የሚነካው ይህንን ነው። ሪባውንድ ሲበዛ ጎማው በጉብታ ተገፍቶ ወጥቶ ለመመለስ ጊዜ ያጣል። ከመመለሱ በፊት ሁለተኛው ጉብታ ይመታዋል፣ ከዚያ ሦስተኛው። እያንዳንዱ ምት መኪናዋን ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል፤ መጨረሻ ላይ ጎሚኒው ላይ ትቀመጣለች። ሹፌሩ «ሞላው ደረቀ» ይላል። ሞላውማ እንደነበረ ነው፤ መላወሻ አጥቶ ነው።

ጎሚኒው ያልኩት ሾኩ ሲጨመቅ መጨረሻ ላይ የሚያርፍበትን መገቻ ነው። አረፋማ ፖሊዩሬታን ነው፤ ሲነካ ለስላሳ ነው፣ ሲጨመቅ ግን ጥንካሬው እየናረ ይሄዳል። ያም ራሱ ሞላ ነው። ፊት ላይ ኩርባ መሃል ከተነካ የፊቱ ጥንካሬ ድንገት ያሻቅባል፣ አፍንጫው ይገፋል። የመጀመሪያው ችግርህ ይህ ነበር ብዬ አጥብቄ እጠረጥራለሁ፤ በተለይ መኪናዋን አብዝተህ ዝቅ አድርገሃት ከሆነ። ለማየት ከባድ አይደለም። የአቧራ መከላከያውን ከፍ አድርግና በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰር፤ ሲገፋ እንዲንሸራተት፣ በራሱ ግን እንዳይወርድ አድርገህ። ማሰሪያውን ሾኩ ገላ ድረስ ዝቅ አድርገህ ጥቂት ዙር ነዳ። ስትመለስ ማሰሪያው የቆመበትን ቦታ ታያለህ። ከማሰሪያው በላይ የቀረው የዘንጉ ክፍል ከጎሚኒው ቁመት ካነሰ ጎሚኒው ተነክቷል፤ ከግማሽ ቁመቱም ካነሰ ተደፍጥጧል። ከርብ ላይ አንዴ መንካቱ ችግር የለውም፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ ከርብ አትርገጥ። ያኔም ከነካ መኪናዋን 10 ሚሊሜትር ከፍ አድርግና ድገመው።

ዝቅ ማለት ሌላም ዕዳ አለው። ፊቱ ማክፈርሰን (ሾኩ ራሱ የጎማውን የላይኛ ክፍል የሚይዝበት ዓይነት) ከሆነ፣ የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ካዘነበለ መኪናዋ ስትጋደም ካምበር ታጣለች፤ የመጋደሟ መዘውርም (ስትጋደም የምትዞርበት ነጥብ) ከክብደት ማዕከሏ ይበልጥ ስለሚወርድ ከበፊቱ የበለጠ ትጋደማለች። ዝቅ ብላ የምታምር መኪና ፊቷ የሚገፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ሂድበት። ጎማዎቹን ሲሞቁ እኩል ነፋስ ስጣቸው፤ ይህ ካልተጠበቀ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። የኋላውን 10 ሞላ ግጠም፣ ከፍታውን አስተካክል፣ አላይመንት አሠራ። ለግማሽ ስሊክ ጎማ (ጥርሱ ጥቂት ለሆነ የትራክ ጎማ) የፊት ካምበር ከ2.5 እስከ 3.5 ዲግሪ ወደ ውስጥ የተለመደ ነው። የአራቱን ጎማ ሚዛን የምታወጣበት ዕድል ካለህ ራስህ ወይም በአንተ ክብደት ልክ የሆነ ነገር ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ ስታቢላይዘሮቹ ይፈቱ። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ድምር ከጠቅላላው ግማሽ ይሁን። ሞላ ስትፈታ ጠንካራ መጨመቂያ ተጠቀም፤ የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። የላይኛውን ዳዶ ደግሞ በአየር መፍቻ አትፍታው፣ ዘንጉ ውስጥ ያለውን መርፌ ይሰብረዋል።

ከዚያ ሾኩ። ክሊክ (ቁልፉ ሲዞር ቀጭ የሚልበትን እርከን) ሁልጊዜ ከጥብቁ ጫፍ ወደ ልሉ ቁጠር፤ ልሉ ጫፍ በየሾኩ ሊለያይ ይችላል። ጫፍ ላይ ሲደርስ በጉልበት አትጠምዝዘው። መሃሉ ላይ ጀምር። ሾኩ እንዲሞቅ ሁለት ዙር ስጠው፣ ከዚያ ነው መመዘን የምትጀምረው። መሪ ስታዞር አካሏ ዘግይቶ የሚከተልህ፣ ከጉብታ በኋላም ደጋግሞ የሚነሳ የሚወርድ ከሆነ ፊቱን ሁለት ክሊክ አጥብቅ። አንድ ጊዜ ወርዳ አንድ ጊዜ ተመልሳ የምትረጋበት ቦታ ላይ ስትደርስ አቁም። ኋላውን ደግሞ በተቃራኒው፦ ነዳጅ ስትሰጥ ጎማው የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚሸሽ ከሆነ ሁለት ሁለት ክሊክ አላላ። ወደ ጥብቁ ጫፍ ስትቀርብ አንድ ክሊክ ብዙ ይቀይራል፤ ወደ ልሉ ጫፍ ግን አራት ክሊክም ላይታወቅህ ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ጻፈው፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው መልሰህ አረጋግጥ። ትራኩም ይሞቃል፣ ጎማውም ያረጃል፣ ነዳጁም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዙር የፈጠነው በአንተ ሥራ ላይሆን ይችላል። ወደ ቀድሞው ስትመልሰው ሰዓቱ ከተመለሰ ለውጡ እውነተኛ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኩርባ መሃል መግፋቱ በጥቂቱ ከተመለሰ አትደንግጥ፤ ወደ 14 ግን አትመለስ። መጀመሪያ ካምበር ጨምር። ቀጥሎ የፊቱን ስታቢላይዘር አንድ ቀዳዳ አላላ። አልፎ አልፎ ማክፈርሰን ባላቸው መኪኖች ነገሩ ይገለበጣል፦ የፊቱን ስታቢላይዘር ማጠንከር መጋደሙን ቀንሶ ካምበሩን ስለሚያድን ፊቱ ይበልጥ ይይዛል። የትኛው እንደሆነ ጎማው ይነግርሃል። የውጨኛው ጠርዝ ከውስጡ ይልቅ እየተበላና እየሞቀ ከሆነ ሞክረው። ከዚህ በኋላም ካስቸገረህ የኋላው ሞላ ወደ 11 ይሂድ፤ ጎማው ላይ 6.2 ይሆናል፣ 2.4 ሄርዝ፣ ከፊቱ ጋር እኩል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ካሰኘህ ሾኩን ለአዲሱ ሞላ ልክ ቀለበቶቹን የሚቀይርልህና ጉልበቱን በመለኪያ ማሽን አውጥቶ የሚያሳይህ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ገንዘብህን አዲስ ሾክ ላይ ከማውጣትህ በፊት ያለው ሾክ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን በዚያው ማሽን ይለካልህ።